ከድንኳኑ የምትመለስ ሴት

መስከረም 22
ሙቀቱ ሊገድለኝ ነው። የእንጅባራ ብርድ ያሳደገኝ ሰው ጃዊ ቆላ ምን ልሠራ ወረድኩ? ለወባ ጥናት፣ ሌላ ለምን... አዲሱን ኪኒን ከመውሰዳቸው በፊት የሴቶቹን ሽንት የምመረምረው ነርስ እኔ ነኝ። ወባ የተገኘባት ሁሉ ቀድማ መንገድ ዳር ወዳለው ድንኳናችን ትላካለች፤ እርጉዝ ከሆነች ከድንኳኑ ትመለሳለች፤ ጤና ጣቢያ ሄዳ የተለመደውን መድኃኒት ትወስዳለች። ዛሬም የመለስኳቸው ነበሩ። ሰልፉ ሲንሾካሾክ ሰማሁ፤ ምን እንደሚያወሩ እንጃ።

መስከረም 25
ጎረቤቴ ሙፊዳ ወባ ይዟት መጣች። ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ እዚህ ያለችኝ ወዳጅ እሷ ናት። ምርመራው እርግዝና የለም አለ። ኪኒኑን ከፊቴ ዋጠች። "አንቺ ደገኛ፣ ወባ ሲጥልሽ የማስታምምሽ እኔው ነኝ!" ብላኝ ሄደች። ትኩሳቱ እንኳ ምላሷን አላሰረውም።

ጥቅምት 3
ምን ጉድ ነው የሰማሁት?
እነሙፊዳ ቤት ጎራ ብል ከጓሮ ስታስመልስ አገኘኋት።
"አርግዘሻል?" አፏን ጠርጋ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።
"ሽንትሽን እኮ ያየሁት እኔው ነኝ!"
"የኔ አልነበረም። የባሌ እህት ናት የሰጠችኝ።"
"ምን ነክቶሽ ነው?"
"ከድንኳኑ የምትመለሰው ያረገዘች እንደሆነች አገሩ ሁሉ አውቋል። ሆድ ሳይገፋ ይወራል? የፊተኛው የወረደብኝ ባወራሁ ነው። ዓይን በላው።"
በስመ አብ! የስንቷን ምስጢር ነው መንገድ ዳር ያወጅኩት? እሷስ... ሆዷ ውስጥ ያለውስ?

ጥቅምት 4
ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጣሁ። እንጅባራ ላለው የጥናቱ ሐኪም፣ ለዶክተር መሳፍንት ደውዬ ሁሉን ነገርኩት።
"ኪኒኑ ፅንሱን ይጎዳዋል?"
"አይታወቅም።"
"እንዴት አይታወቅም?"
"እርጉዝ ላይ አልተሞከረማ።"
"ነገ መድኃኒት ቤት ሲገባስ፣ ለእርጉዝ አይሰጥም?"
"ሐኪሙ አይቶ፣ ካስፈለገ ይሰጣል።"
"ምኑን አይቶ?"
ከጉዳት እንጠብቃቸው ብለን መለስናቸው... ኋላ በየቤታቸው፣ ተመልካች በሌለበት ሊሞከርባቸው ነው እንዴ?
በመጨረሻ፣ እንከታተላታለን አለ። ጥናቱን ለፈቀደው የሥነ ምግባር ኮሚቴም እሱ ያሳውቃል።

ጥቅምት 5
ለሐኪሙ መንገሬን ስነግራት ነደደች። "ያን ቀን ለብቻዬ አድርገሽ ብትጠይቂኝ ወላሂ እነግርሽ ነበር!" እውነቷን ነው። እሷን ማን ጠየቃት? የጠየቅነው ሽንቷን ነው።

ጥቅምት 19
ሙፊዳ አስወረዳት።

ጥቅምት 21
ልጠይቃት ሄድኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ወባው ነው? ኪኒኑ? ወይስ እንዲያው የሚሆን ነገር? ዶክተሩም አያውቅም። እሷ ግን ታውቃለች። "አንቺ አወቅሽ፣ ሐኪሙ አወቀ፣ ኮሚቴ ነው ምን ያላችሁትም አወቀ። ስንቱን ዓይን ይቻለው?"
ዓይን አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩ። ታዲያ ምንድን ነው ብትለኝስ... መልሼ ዘጋሁት። ተያይዘን አለቀስን።

ኅዳር 16
ድንኳኑ ተነሣ። አሁን ሴቶቹ አንድ በአንድ ጤና ጣቢያው ውስጥ ካለ ክፍል ይገባሉ፤ ኪኒኑን የወሰደችም ያልወሰደችም እኩል ቆይታ በአንድ በር ትወጣለች። እርጉዞችን በፈቃዳቸው ማስገባት ይቻል እንደሆነ ኮሚቴው ገና እየመከረ ነው።
ዛሬ አንዲት ልጅ እግር፣ ሽንት ሳልጠይቃት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ካረገዝኩ ሁለት ወሬ ነው፤ ለባሌም አልነገርኩ" አለችኝ። ተመስገን! የተለመደውን መድኃኒት እንደምትወስድ ነገርኳት።
"አዲሱስ ለኔ አይሆንም?"
"አናውቅም" አልኳት። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።
አየችኝ፣ አየችኝና፣ "ታዲያ እኛን ካልጠየቃችሁ ማንን ጠይቃችሁ ልታውቁ ነው?"