የሠራኸው የብረት በር

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እናታችን ደህና ናት፤ እኔ ግን ግራ ገብቶኛል። ነገሩ ለሥራ ርቀህ ከመሄድህ በፊት፣ ሌላ መውጫ በሌላት መንገዳችን አፍ ላይ ስለበየድከው በር ነው።

ዘራፊዎቹ ገብተው እናታችን አንገት ላይ ካራ ያሳረፉ ሰሞን፣ እንባህን እየጠረግህ ነበር የሠራኸው። ከዚያ ወዲህ ሲመሽ ይቆለፋል፤ እኛም እንቅልፍ አገኘን። ባለፈው ክረምት ግን ጎርፉ ሌሊት ከኮረብታው በድንገት ወረደ። በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፍ ያዡ የለም። እናታችንን አዝዬ፣ ውኃው ወገቤ ደርሶ፣ ከጎረቤት ጋር የበሩ ፍርግርግ ላይ ተለጠፍን። ሥጋ ሻጩ ጓጉንቸሩን በመጥረቢያ ሰብሮ አወጣን። ሰው ሁሉ በሩን የሠራውን እጅ ሲረግም እኔ የእናታችንን ነጠላ እጨምቅ ነበር። እጁን አውቀዋለሁ።

ትናንት ሰፈሩ ተሰበሰበ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣችው መሐንዲስ "ውኃ ሲመጣ ሰው መውጫ ይፈልጋል፤ በሩ ይነሳ" አለች። ፖሊሱ "ዘራፊ ሲመጣስ አንቺ ትመልሽዋለሽ?" ብሎ አፈጠጠባት። "ከውስጥ በእጅ የሚከፈት እናድርገው" ያለም ነበር። "ሌባስ በፍርግርጉ እጁን መስደድ ያቅተዋል?" አለው ፖሊሱ። ፀጉር አስተካካዩ "እንግዲያው ውኃና ሌባ ተራ ይያዙልን!" ሲል ሳቅ በሳቅ ሆንን።

እጅ አውጡ ተባለ። "ይነሳ" ሲሉ አወጣሁ። "ይቆለፍ" ሲሉም አወጣሁ።

"እህታችን፣ በአንድ ራስ ሁለት ድምፅ?" አለኝ ድምፅ ቆጣሪው።

"ሁለቱንም ፈርቼ ነው" አልኩ።

ያኔ የሚስቅ ጠፋ። ድምፁም እኩል ለእኩል ሆኖ፣ "ሁለቱንም የፈራሽ አንቺው ያዢው" ብለው ቁልፉን እኔው ላይ ጣሉት።

ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ስለ ጎርፍም ስለ ሌባም የለቃቀምኩትን ሁሉ ደግሜ አነበብኩ። አንዱ ክፈቱ ይላል፣ ሌላው ዝጉ ይላል፤ የቀረው ተቀዷል።

ይኸው ዛሬ ኮረብታው ጠቁሯል። ታችኛው ሰፈር ደግሞ ቤት ተዘረፈ ይላሉ። እናታችን በመስኮት ደመናውን ታይና "ከፍተሻል?" ትለኛለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ዘግተሻል?" ትላለች። ለሁለቱም "አዎ" እላለሁ።

የስፌት መኪናዬን አውጥቼ በሩ ሥር ተቀምጫለሁ። ሳልቆልፈው ገርበብ አድርጌ በእግሬ ደግፌዋለሁ። ሌባ ቢመጣ ልጮህ፣ ውኃ ቢመጣ ልከፍት ነው። አብረው ቢመጡ ግን እንጃ። ብረቱን የምታውቀው አንተ ነህና መጥተህ እየው። እስከዚያ ከዚህ አልነሳም።

እህትህ፣ ከበሩ ሥር