ኾር ላይ መንደር የመሠረቱት የአቶ ሸጋው ፈንቴ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሸጋው ፈንቴ ከአባታቸው ከአቶ ፈንቴ አድማስ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እንየሽ ጀምበሬ በደንቢያ፣ ከቆላ ድባ ብዙ በማትርቅ መንደር በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን በትክክል የሚያውቅ የለም። እናታቸው “ሽንብራው እሸት ሳለ” ይሉ ስለነበር ታኅሣሥ ወይም ጥር ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ታናሽ እህታቸው አሰበች ፈንቴ ናት። ሙት ወቃሽ አያድርገን ብሎ መልካም መልካሙን መርጦ ማንበብ የአገር ደንብ ነው። አቶ ሸጋው ግን አልጋ ላይ ሳሉ “የመንደሩን ነገር ካላነበባችሁ ሌላውንም አታንብቡልኝ” ብለው ቃል አስገብተውናል። በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን ያጠፈ ሰው አልነበረም፤ ዛሬማ ማን ይደፍራል! የሚቀየም ኃላፊ ካለም ይቀየም። ወንድማችን በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ከዚህ ዓለም የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከአንዲት እናት አፍ “ይቅር” የሚል ቃል። ያንን ሳያገኙ ስለሞቱ ነው ነገሩ የሚያንገበግበን።

አቶ ሸጋው ፊደል የቆጠሩት በሰፈራቸው ደብር ከመሪጌታ ዘንድ ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በቆላ ድባ፣ የሁለተኛ ደረጃውን በጎንደር ከተማ ስንቅ በጀርባቸው እያመላለሱ ተማሩ። ከዚያም በእርሻ ሙያ ሁለት ዓመት ሠልጥነው በ1961 ዓ.ም. በልማት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የተጣመመ ነገር አይወዱም ነበር። በ1965 ዓ.ም. ወይዘሮ አሰፋች ታከለን ሲያገቡ ዳሱ ሰያፍ ሆኗል ብለው በሠርጋቸው ዋዜማ በገመድ ለክተው አፍርሰው አሠርተውታል። ሚዜዎቹ እስከ ዛሬ አልማሯቸውም። ከወይዘሮ አሰፋች ጋር አምባውንና እናኑን ወልደዋል።

በ1972 ዓ.ም. ወደ መተማ ተዛወሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሽንፋ ተመደቡ። እኛ ቤተሰቦቻቸው ወንድማችንን በረሃ በላብን ብለን አለቀስን። እሳቸው ግን ቆላውን ወደዱት። የሙቀቱን ነገር ስንጠይቃቸው “ሰሊጡ የሚችለውን እኔ የማልችል ምን ሆኜ ነው?” ይሉ ነበር። ገበሬው በጋራው ወገብ ላይ እዚህ ሦስት ቤት፣ እዚያ አራት ቤት ሆኖ ተበታትኖ ይኖር ነበርና ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄዱ ቀኑ ይመሽባቸው ነበር።

በ1976 ዓ.ም. አንዲት ወላድ ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ ስትወሰድ ከተሸካሚዎቹ አንዱ አቶ ሸጋው ነበሩ። ሴትየዋ ከነልጇ መንገድ ላይ አለፈች። ወንድማችን ከዚያች ዕለት ወዲህ ሌላ ሰው ሆኑ። ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት በየጋራው አይሠራምና ሰው ከተሰበሰበ ብቻ ነው መዳኛ ያለው የሚል ሐሳብ ያዛቸው። ስለዚህ በ1978 ዓ.ም. የመንደር ምሥረታ መመሪያ ሲመጣ ሌላው ሠራተኛ ታዞ የሚሠራውን እሳቸው አምነውበት ሠሩ። ያ ነው ክፋቱ። ያላመነበት ሰው ቢያንስ ያመነታል፤ የሰው ነገር ይሰማል።

የመረጡት ቦታ ከጋራው ግርጌ፣ ከመኪናው መንገድ ዳር የተዘረጋ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። የቦታው ስም ኾር ዘይን ይባል ነበር። ኾር ማለት በበጋ አቧራ፣ በክረምት ወንዝ የሚሆን መሬት ነው። ቃሉ ከሱዳን ይምጣ እንጂ የቆላ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። የደንቢያው ሰው ወንድማችን ግን የሆነ ዘይን የሚባል ሰው ርስት መስሏቸው አለፉት። ምን ማለት ነው ብለው አንድ ሰው አልጠየቁም። ጋራው ላይ ጨው፣ ስኳርና አቡጀዲ የሚሸጡት ወይዘሮ ሙሚና ሐሚድ ግን ችካሉ ሲተከል አይተው ወርደው “አቶ ሸጋው፣ ይሄ እኮ ኾር ነው። ኾር ይተኛል እንጂ አይሞትም” ብለዋቸው ነበር። ወንድማችን “ነጋዴ ለሱቋ ታስባለች” ብለው ገመዳቸውን መዘርጋት ቀጠሉ። በሪፖርቱም ላይ የቦታውን ስም ፍቀው “አዲስ ሕይወት መንደር” ብለው ጻፉ።

ከመቶ ሠላሳ በላይ አባወራ ጎጆውን አፍርሶ ወረደ። ወዶ የወረደም ነበር፤ ብዙው ግን እያጉረመረመ ነው። ሆኖም መልካሙንም አለመናገር ግፍ ይሆናል። በመስከረም 1979 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ተከፈተ። የጤና ረዳት መጣ። ወፍጮ ተተከለ፤ ሴቱም ድንጋይ ከመግፋት ተገላገለ። በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያ መንደር በምጥ የሞተች ሴት የለችም። አቶ ሸጋው ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ይበራ ነበር።

ሰማዩም አብሮ አታለላቸው። የ1978 ክረምትም የ1979ም ዝናቡ ስስ ሆነና ሜዳው እንኳን ሊጥለቀለቅ ጭቃውም ወጉ አልደረሰው። ጎንደር ላይ የምስክር ወረቀትና ራዲዮ ተሸለሙ። ራዲዮውን ይዘው በወይዘሮ ሙሚና ሱቅ በር ሲያልፉ ሴትየዋ “ኾርዎ ተኝቷል፤ አደራ እንዳይቀሰቅሱት” አሏቸው። ወንድማችን ከት ብለው ሳቁ። ያንን ሳቅ በኋላ እያስታወሱ ስንት ጊዜ ራሳቸውን እንደረገሙ እኛ እናውቃለን።

ነሐሴ 1980 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ ነው። መንደሩ ላይ ጠብታ አልወረደም፤ ፀሐይ ነበር። የዘነበው ደጋ ላይ ነው። ትልልቁ ሰው ሰሊጥ አረም ወርዶ ስለነበር ቤት የቀሩት ሽማግሌዎች፣ አራሶችና ልጆች ነበሩ። ውሃው በላይኛው ረድፍ ገብቶ አቶ ሸጋው በገመድ ያስተካከሉትን ጎዳና ይዞ ቁልቁል ወረደ። እሳቸው ከጽሕፈት ቤት ሮጠው ውሃ ውስጥ ገብተው ሁለት ሽማግሌና አንዲት አራስ በጀርባቸው አወጡ። ጎተራ ተወሰደ፤ በግና ፍየል ተወሰደ፤ የወፍጮው ቤት ተናደ። ከሰው አንዲት ልጅ ጠፋች። የታሰሩ ፍየሎች ልትፈታ የተመለሰችው የወይዘሮ ባየሽ ልጅ ዙፋን ነበረች። በማግስቱ ወደ ታች ራቅ ብሎ ከአንድ ግራር ሥር ተገኘች።

አቶ ሸጋው ሕዝቡ ወደ ጋራው እንዲመለስ ይፈቀድ ብለው ሦስት ጊዜ ጻፉ፤ መልስ አልመጣም። በኅዳር 1981 ዓ.ም. የማንንም ፊርማ ሳይጠብቁ “ውጡ፤ የሚጠየቅ እኔ ነኝ” አሉ። አርባ ያህል አባወራ ወጣ፤ እሳቸውም ወጋግራ ተሸክመው አብረው ወጡ። ለዚህ ሥራቸው ከደረጃቸው ዝቅ ተደርገው ደመወዛቸው ተቀነሰ። ለሠሩት ጥፋት ተሸልመው ለማረሙ ተቀጡ፤ ወይ ጉድ! የቀረው ሰው ወደ ጋራው የወጣው ዘንድሮ የካቲት መጨረሻ የመንግሥት አዋጅ ተነግሮ እንደ ወደደ መኖር ሲፈቀድ ነው። ወንድማችን አልጋ ላይ ሆነው ጎጆው ሲፈርስ ድምፁን ይሰሙ ነበር።

ወይዘሮ ባየሽ ዘንድ ሦስት ጊዜ ሄደዋል። አንደኛው በአርባዋ፣ ሁለተኛው በሙት ዓመቷ፣ ሦስተኛው ባለፈው ታኅሣሥ ነው። ሦስቱንም ጊዜ ወይዘሮ ባየሽ መቀመጫ አቀረቡላቸው፤ ውሃ ሰጧቸው፤ የሚሉትን ሁሉ ሰሙ። ወንድማችን መሬት ላይ ተደፍተው ይቅር በይኝ ሲሉም አንስተው አስቀመጧቸው። ቃሉን ግን አልሰጧቸውም። አቶ ሸጋው ሲመለሱ “ብትሰድበኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር” ይሉን ነበር። እህታቸው አሰበችም ንዴት ይዟት “ሴትየዋ ድንጋይ ናት እንዴ?” ብላ ተናግራለች። ያን ቃሏን ዛሬ በአደባባይ ትመልሳለች።

አቶ ሸጋው ከጥር ወር ጀምሮ በዚህ ቆላ ብዙ ሰው የፈጀው ካላዛር ያዛቸው። ሆዳቸው እየተነፋ ሰውነታቸው እየመነመነ ሄደ። በኋላም ጎንደር ተወስደው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 3 ቀን 1982 ዓ.ም. በ44 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ደንቢያ ከአባታቸው አጠገብ መቃብር ሳለላቸው ሽንፋ ቅበሩኝ ያሉት ራሳቸው ናቸው። ባለቤታቸውን ወይዘሮ አሰፋችን፣ ልጆቻቸውን አምባውንና እናኑን፣ እህታቸውን አሰበችን በሐዘን ትተው ሄደዋል።

የሕይወት ታሪካቸው እዚህ ላይ ያበቃ ነበር፤ ወረቀቱም እስከዚህ ድረስ ተጽፎ ነበር። ትናንት አስከሬናቸው እንደ ደረሰ ግን ወይዘሮ ባየሽ ከጋራው ወርደው መጡ። ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው ቆዩና ሲነሱ አሰበች እግራቸው ላይ ወደቀች፤ አሁን እንኳ ይቅር ይበሏቸው ብላ ለመነች። ወይዘሮ ባየሽ እንዲህ አሉ፦ “ሦስት ጊዜ መጡ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጥፋታቸው አወሩኝ፤ እንቅልፍ እንዳጡ አወሩኝ። ልጅሽ ምን ዓይነት ልጅ ነበረች ብለው አንድ ቀን ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ ያን ዕለት ይቅር እላቸው ነበር።”

እኛም ትናንት ጠየቅናቸው። ብዙ ነገሩን፤ ሲነግሩን አንድ ሁለቴ ሳቁም። ሲጨርሱ “እንግዲህ ጻፉትና ሳትቀብሯቸው አንብቡላቸው፤ ይስሙ” ብለው ሄዱ። የተጻፈው ይህ ነው።

ዙፋን ደምለው ከአባቷ ከአቶ ደምለው ካሴ፣ ከእናቷ ከወይዘሮ ባየሽ አየነው በሽንፋ አካባቢ በ1969 ዓ.ም. ሰሊጥ ሲታጨድ ተወለደች። ከአምስት ልጆች ሦስተኛዋ ነበረች። እባብ አትፈራም፤ ዶሮ ግን ትፈራ ነበር። ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት ቀን ቀድመው ከተመዘገቡት አንዷ ስትሆን የምትጽፈው በግራ እጇ ነበር። እናቷን ስማቸውን መጻፍ ያስተማረቻቸው እሷ ናት፤ “ሦስት ፊደል እኮ ነው እማዬ፣ ምን ያስቸግርሻል?” እያለች ታስቃቸው ነበር። ወደ ሦስተኛ ክፍል ተዛውራ ትምህርት እስኪከፈት ትጠብቅ ነበር። በ1978 ዓ.ም. መንደሩ ሲለካ የገመዱን አንድ ጫፍ አራት ቀን ሙሉ የያዘችው ዙፋን ናት። አቶ ሸጋውን በጣም ትወዳቸው ነበር፤ ቤት ስትገባ “አቶ ገመድ” እያለች አረማመዳቸውን ታሳይ ነበር። ወንድማችን ይህን ያስታውሱ እንደሆነ አናውቅም፤ ነግረውን አያውቁም። ዙፋን በነሐሴ 1980 ዓ.ም. በአሥራ አንድ ዓመቷ በጎርፍ ተወስዳ ዐረፈች። አባቷን፣ እናቷንና አራት ወንድምና እህቶቿን ትታለች።

የዙፋን ደምለውን ነፍስ እግዚአብሔር በደጋጎቹ መካከል ያኑርልን። የወንድማችንን የአቶ ሸጋውንም ነፍስ፣ እሷ ካለችበት ብዙ ሳያርቅ ያሳርፍልን።