ሳህን ቁጥር ሰባት

ጥር 12
ዛሬም ቤተ ሙከራ፣ ዛሬም ቆጠራ። ዓይኔ ደከመ። ከጡንቻ ጎን ተኝተው የሚኖሩ ሴሎች ናቸው፤ ጡንቻ ሲጎዳ ነቅተው ለሁለት ይከፈላሉ። አንዷ ጡንቻ ትሆናለች፣ አንዷ ለሌላ ቀን ትቀመጣለች። እህልና ዘር እንደማለት። ሁሉም እህል ከሆነ ዘር ያልቃል... የታናሽ ወንድሜ እግር እየከዳው ያለውም ለዚህ ይሆን? የምንጨምረው፣ ለሴሎቹ ትእዛዝ የሚያደርስ የምልክት ፕሮቲን ሁለቱንም ዘር አድርጎ ያስቀራል ወይ? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

ቴክኒሻኗ ሴሎቹ ያሉባቸውን ሳህኖች ስም በፕላስተር ሸፍና ቁጥር ጽፋባቸዋለች። ምልክቱ የትኛው ውስጥ እንዳለ የምቆጥረው እኔ እንዳላውቅ። ሚዛን ነው የምላት፤ ለማንም አታዳላም።

ጥር 14
የሰባት ፕላስተር ጠርዙ ተነስቶ ነበር። ተነስቶ ነበር? በጥፍሬ ያነሳሁት እኔ ነኝ። እዚህም ልዋሽ? ምልክት ያለበት ነው። በነካ እጄ ስምንትንና አሥርንም ገልጬ አየሁ፤ እነሱም ምልክት አለባቸው።

ጥር 15
ሰባት ላይ እህሉን ከዘሩ የሚለየው ቀለማቸው የሚያጠራጥር አሥራ አንድ ጥንዶች ነበሩ። ሌላ ሳህን ላይ ቢሆኑ "አይታወቅም" ብዬ አልፋቸው ነበር። "ሁለቱም ዘር" ብዬ መዘገብኩ። ሁሉንም። ስምንትና አሥርም ላይ እንዲሁ።

ጥር 19
አለቃዬ ውጤቱን አይተው እጄን ጨበጡኝ። ዓይንሽ ይባረክ አሉ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ከሥራ ስወጣ ወንድሜ ጋ ሄድኩ። ዝም ብል ምን ነበረበት? "መድኃኒቱ ይሠራል" አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ጥር 26
እናቴ ደወለች። ወንድሜ የእግር ልምምዱን ትቷል። ልምምድ የሚያሠራው ባለሙያ ሁለቴ መጥቶ ተመልሷል። "መድኃኒቱ እየመጣ ምን አለፋኝ? እትዬ ነግራኛለች" ይላል አለች።

እትዬ ነግራኛለች...

ጥር 27
አፈርኩ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ጥር 28
ለአለቃዬ ነገርኳቸው። ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። "ፕላስተሩን ገልጬ አይቻለሁ" የሚለው ብቻ ወጣኝ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እንደ አዲስ ተሸፍኖ ሌላ ሰው ይቁጠረው አሉ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሚዛን ሌላ ጠረጴዛ ሄደች።

የካቲት 4
ቆጠራው መጣ። ልዩነት አለ፤ ትንሽ፣ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ጠራ።

የካቲት 5
ለወንድሜ ሁሉንም ነገርኩት። ፕላስተሩን፣ አሥራ አንዱን ጥንዶች፣ ሁሉንም።

"ላም አለኝ በሰማይ ነበር በይኛ" አለ። ሳቀ፤ ዓይኔን ግን አላየም። ከዚያ ከወንበሩ ሊነሳ ሞከረ። ከሁለት ሳምንት በፊት በአንድ እጁ ተደግፎ ይነሳ ነበር። ዛሬ በሁለቱም አቃተው።

"እትዬ፣ ያዥኝ።"

ያዝኩት። በምን ፊቴ እንደያዝኩት አላውቅም።

የካቲት 20
ባለሙያው ልምምድ ሊያሠራው በሚመጣበት ቀን እኔም እሄዳለሁ። ወንድሜ እየተሳደበ ይሠራል። የድሮ ጉልበቱ ገና አልተመለሰም፤ ይመለስ እንደሆነም እንጃ።

ዛሬ አለቃዬ አዲስ ሳህኖች ሰጡኝ። ሚዛን ፕላስተሩን ደርባ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ደጋግማ ተጭና ለጠፈችው። እያየሁ። አልከፋኝም። ደግ አደረገች።

አዲሱ ሰባት ላይ አንድ የሚያጠራጥር ጥንድ አገኘሁ። ሁለቱም ዘር ይመስላሉ። እንዲሆኑ እንዴት እንደፈለግሁ... ብዙ ቆየሁበት።

"አይታወቅም" ብዬ ጻፍኩ።