የረጠበችው ዶቃ

ሐምሌ 28፣ ከምሽቱ 1፡00፣ ደባርቅ

ስልጠናው አለቀ። ጫማዬ ጭቃ በጭቃ፣ ራት አልበላሁም። ግን መጀመሪያ ላንቺ ልንገርሽ ደብተሬ። ዛሬ ተአምር በእጄ ይዤ ዋልኩ።

ነጭ ዶቃ ናት። ከአተር ታንሳለች። በትንሽ ቲዩብ ውስጥ ተቀምጣ፣ ሲነቀንቋት ኮሽ ኮሽ ትላለች። ስምንት ዓመት ሙሉ በፍሪጅ ስናባብለው የኖርነው የምርመራ ፈሳሽ ሁሉ እዚያች ውስጥ አለ። መብራት ጠፋ፣ ተበላሸ፣ ጣሉት። ደግሞ መብራት ጠፋ፣ ተበላሸ፣ ጣሉት። ይቺ ግን መደርደሪያ ላይ ትቀመጣለች። ፍሪጅ አትልም፣ በረዶ አትልም!

አሠራሩን ከጎንደር የመጣችው አሰልጣኝ አስረዳችን። ፈሳሹን ጠብ ጠብ እያደረጉ እጅግ በጣም በሚቀዘቅዝ ነገር ላይ ይጥሉታል። ጠብታዋ ክብ እንደ ሆነች በረዶ ትሆናለች። ከዚያ አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ ከተው በረዶው ሳይቀልጥ እንዲተን ያደርጉታል። መሃል ላይ ውኃ ሳይሆን! የሚቀረው መመርመሪያው ብቻ ነው። የታካሚው ናሙና ሲነካት ትሟሟና ሥራ ትጀምራለች።

ሌሎቹ ተሳሳቁ፣ እኔ ግን አመንኩ። ወንድሜ ተራራው ላይ፣ ጨነቅ ካምፕ፣ የፓርኩ ጥበቃ ስካውት ሳለ ልጠይቀው ሄጄ ነበር፣ በኅዳር። አጥቤ ያሰጣሁት ሹራብ አድሮ እንደ ጣውላ ተገትሮ ጠበቀኝ። ፀሐይና ነፋስ ሲመታው ዋለ። አንዲት ጠብታ መሬት ሳትነካ፣ እንደ ተገተረ ደረቀ። ያኔ ገርሞኝ ነበር። ለካስ ይሄ ኖሯል።

አሰልጣኟ ደጋግማ ያለችን አንድ ነገር ነው። ጠላቷ እርጥበት ነው፤ የታሸገችበትን ከረጢት ከከፈታችሁ ወዲያው ሥሩባት። ጋሽ ውበቱ፣ የላብራቶሪያችን ኃላፊ፣ የፍሪጁን ቁልፍ እንደ ማተብ ከአንገታቸው የማያወልቁት፣ በሉ እንግዲህ ጡረታ ወጣሁ ብለው አሳቁን።

ነሐሴ 9፣ 11 ሰዓት ተኩል

ጉም። ቀኑን ሙሉ ጉም። በመስኮት ገብቶ ጠረጴዛው ላብ አወጣ።

የኔታ ጥበቡ ከበየዳ መጡ። የቅኔ መምህር ናቸው፣ ሠላሳ ምናምን ተማሪ አላቸው። ሳል ከያዛቸው ሁለት ወር አልፏል፣ ከስተዋል። የቲቢ ምርመራ ታዘዘላቸው። ከዶቃዎቹ ጋር በመጣው አዲሱ ማሽን! ጠዋት 3 ሰ. ላይ ሁሉን አሰናድቼ፣ ከረጢቱን ቀድጄ፣ ቲዩቡን ከፍቼ፣ አፋቸውን ተጉመጥምጠው አክታ እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። ፍልሰታ ናት ልጄ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ በአፌ አይገባም አሉኝ፣ ረጋ ብለው። ምን ይባላል? እሺ የኔታ። ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ዶቃዋ በጉሙ እንዳትረጥብብኝ ፍሪጅ ከተትኳት። ብልህ አይደለሁም?

9 ተኩል ላይ ተመለሱ። አክታቸው ትንሽ። መብራት ከ8 ሰ. ጀምሮ የለም፣ ማሽኑ ግን በባትሪው ይሠራል። ፊቱ ቁጭ ብዬ አየሁት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ እንደ ሕፃን። ራሱን የሚፈትሽበት መስመር አለው። ዘግየት አለ፣ ግን ወጣ። ውጤት፦ ቲቢ የለም። ነጻ ነዎት የኔታ አልኳቸው። ቆመው መረቁኝ፣ ረጅም ምርቃት። ቤትሽን ይሙላው፣ የዓይንሽን ብርሃን አይንሳሽ። አሜን እያልኩ ደረቴ ሞላ።

ነሐሴ 10

የኔታ ማለዳ ተነስተው ሄዱ አሉ። ተማሪዎቼ ይጠብቁኛል ብለው።

ነሐሴ 21፣ 10 ሰዓት

ወይ ጉዴ! ወይኔ ጉዴ!

ዛሬ ጠዋት ሌላ ታካሚ። ከረጢቱን ቀደድኩ፣ ዶቃዋ ኮሽ አለች። ደርቄ ቀረሁ። የየኔታዋ ኮሽ ብላ ነበር? አላለችም። ከቲዩቡ ሥር ተጣብቃ፣ ጠፍጠፍ ብላ ነበር። አይቻታለሁ እኮ! አይቼ አለፍኳት።

አንዲት ዶቃ ከፍቼ ፍሪጅ ከተትኩ። ስድስት ሰዓት ሙሉ፣ ልክ እንደዚያ ቀን። ሳወጣት ቲዩቡ ውስጡም ውጭውም ላብ። ዶቃዋ እንደ ረጠበ ስኳር ሟሙታለች። ቲቢ እንዳለበት አስቀድሞ የታወቀ ናሙና ጨመርኩባት። ማሽኑ አመነታ፣ መፈተሻው መስመር ዘግይቶ ወጣ፣ ከዚያ የለም አለኝ። አለ እኮ! አለ!

ከጉም ያዳንኳት መስሎኝ ነው። ስምንት ዓመት፣ የሚጠበቅ ነገር ሁሉ ፍሪጅ ይገባል፣ እጄ ሌላ አያውቅም። ቀዝቅዛ ስትወጣ የክፍሉ እርጥበት ሁሉ እላይዋ ላይ ሰፈረ።

አሥራ ሁለት ቀን። ነጻ ነዎት ያልኳቸው ሰው በጠባብ ጎጆ ውስጥ፣ ብርዱን ፈርተው በር ዘግተው፣ በልጆች ተከበው ያስላሉ። እኔ ነኝ ያስገባኋቸው።

ነሐሴ 22፣ ጠዋት

ለጋሽ ውበቱ ተናገርኩ። ያልተሳሳተ ማን አለ፣ ነሐሴ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ የኔታ ራሳቸው ለመስከረም ይመጣሉ አሉ። የየኔታ ስልክ አይሰማም፣ የበየዳ ጤና ኬላም አይሰማም። ተናደድኩ። የኔን ጥፋት የኔታ በእግራቸው ተሸክመው ይምጡልኝ? ጋሽ ውበቱ ላይ ጮህኩባቸው፣ በሸበተ ፀጉራቸው ላይ! አሁን ሳስበው አፈርኩ።

እሳቸው ግን አልተቆጡም። ማሽኑን አዩት። ዶቃዎቹን አዩ። ታዲያ ይዘሻቸው ሂጂያ፣ ምን በረዶ ያስፈልጋቸዋል አሉኝ።

እኔ አላሰብኩትም ነበር። ናሙና ወደ ደባርቅ ሲወርድ እንጂ ላብራቶሪ በበቅሎ ወደ በየዳ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ደብዳቤውን ራሳቸው ፈረሙ። ነገ እሄዳለሁ።

ነሐሴ 24፣ በየዳ፣ 8 ሰዓት

ደረስኩ። መኪናው እስከ ቻለበት፣ ከዚያ በበቅሎ። በረዶ ወረደብን፣ በቅሎዋ ሁለት ጊዜ ተንበረከከች፣ ጋቢዬ ተጨምቆ የማያልቅ ውኃ ጠጣ። ዶቃዎቹ በከረጢታቸው ደረቴ ላይ። አሥር ናቸው። አውጥቼ ነቀነቅኋቸው። ኮሽ! ሁሉም። ይህን ሁሉ ዝናብ አልፈው ደረቅ። አለቀስኩ፣ አልደብቅሽም።

የኔታ ደጅ ወጥተው ተቀበሉኝ። እንኳን ደህና መጣሽ ሳይጨርሱ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ሁሉን ነገርኳቸው። ጉሙን፣ ፍሪጁን፣ አይቼ ማለፌን። ተነሽ አሉኝ። ተማሪዎቻቸው ቆመው ይሰማሉ፣ እኔም አልደበቅኩም።

ዶቃዋን አሳዪኝ አሉ። ከነቲዩቧ ወደ ብርሃን አነሷት። መናም ነጭ ነበር፣ ድንብላል ያክል ነበር፣ ያሳደሩት ግን ተላ አሉና ሳቁ፣ ሳቁ ወደ ሳል እስኪቀየር። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ጾም የለም፣ ተጉመጠመጡ። ከጎጆ ርቀን፣ ሜዳ ላይ፣ አክታ ሰጡኝ። የከፈትኳትን ወዲያው ሠራሁባት። ማሽኑን ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ገመድ የለ፣ ፍሪጅ የለ፣ ተራራውና እሱ ብቻ። የራሱ መስመር በጊዜው ወጣ። ከዚያ ሌላው ተከተለ፣ ቀጥ ብሎ።

ቲቢ አለ።

9 ሰዓት ተኩል

አልገሰጹኝም። ምነው በገሰጹኝ። መድኃኒት እንዳለው ነገርኳቸው፣ ጤና ኬላው ነገ ያስጀምራል። እሱን በግማሽ ጆሮ ሰሙ። የጠየቁኝ፣ ልጆቹስ ነው።

በየቀኑ ማን አጠገባቸው እንደ ተቀመጠ ማወቅ አለብኝ አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ነሐሴ 11፣ ቅኔ ሊነግር የመጣው እገሌ፣ ከቀኙ እገሌ። ነሐሴ 12። ነሐሴ 13። የተጻፈ የለም፣ ሁሉ በቃል! ማን ምን ቅኔ እንደ ተቀኘ፣ የት ላይ እንደ ተሰናከለ፣ ማን መሃል ላይ ሳለ። እኔ የትናንቱን ውጤት ከመዝገብ ካላየሁ አላስታውስም፤ እሳቸው ጉባኤውን በሙሉ በራሳቸው ውስጥ ይዘውታል። ፈራሁ፣ በደህና ፍርሃት።

ለጋሽ ውበቱ በበቅሎ ነጂው ላክሁ፦ ያለውን ዶቃ ሁሉ ይላኩልኝ፣ የሚያስሉትን መርምሬ ሳልጨርስ አልወርድም።

ቅጹ አለቀ፣ ባንቺ ላይ ልጻፍ።

ልሳነ ወርቅ ጥበቡ። የወለዱት ልጅ ነው። ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው አልተለወጠም። ሁልጊዜ ከግራቸው። ያስላል።

ሀብተ ማርያም። ነሐሴ 11፣ 12፣ 15። ያስላል።

ኃይለ ኢየሱስ። በየቀኑ። ያስላል፣ ሌሊት ያልበዋል።

የቀሩኝ ዶቃዎች ዘጠኝ ናቸው። የሚያስሉት ስም አሥራ አራት ደረሰ። የኔታ ገና እየተናገሩ ነው