ስምንት ብዬ የመለስኩበት ረቡዕ

ቅዳሜ

ልጄ ትዕግሥት ሞታለች። የሞተችው ባለፈው ቅዳሜ ነው። የነገሩኝ ዛሬ ነው።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የታችኛው በር ደወል ጮኸ። «ማነው?» አልኩ በማነጋገሪያው። «እኛ ነን አስኩ፣ ክፈችልን» አለች ጸዳለ። ጸዳለ ከእኔ ጋር በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት በፊት ከአልጋዋ አትወርድም። «እኛ» ስትል ገባኝ። ማን እንደሞተ ብቻ አላወቅሁም። አራተኛ ፎቅ እስኪደርሱ ወንድሞቼን አንድ በአንድ በስም ጠራሁ። ትዕግሥትን አልጠራሁም።

ጸዳለ፣ ቄሱ፣ የታች ጎረቤቴ እማማ ለተብርሃን። ሁለቱ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

ትርፍ አንጀት ነው አሉኝ። ረቡዕ ሆዷን ማመም ጀመራት። ሐሙስ አስተምራ ገባች። ዓርብ መነሣት አቃታት። አገር ቤት ከምታስተምርበት ከተማ ቀዶ ጥገና እስከሚሠራበት ሆስፒታል የግማሽ ቀን መንገድ ነው። መኪና ላይ እንዳለች ፈነዳ። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር።

አምና የጸዳለ ልጅ በዚሁ በሽታ እዚህ ኦስሎ ጠዋት ሆስፒታል ገባች። በማግስቱ ልንጠይቃት ስንሄድ አይስክሬም እየበላች አገኘናት።

ጮኽኩ። የፊት ለፊቱ ጎረቤት በነጠላ ጫማ ወጥቶ «አምቡላንስ ልጥራ?» አለ። «ኔይ፣ አያስፈልግም፤ የሞተችው እዚህ አይደለም» አለችው ሳራ። ሳራ ሁለተኛዋ ልጄ ናት፤ እዚህ የተወለደች፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ነርስነት ትማራለች። ሰውየው ራሱን ነቀነቀና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ።

እሑድ

ቤቱ ሞላ። ከኦስሎ ሰፈሮች ሁሉ፣ ከፕሪንስዳል፣ ከቶየን መጡ። ጫማው ከበሩ አልፎ ደረጃው ላይ ደረሰ። ሰዉ ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይለኛል። እኔ እቆጥራለሁ። ማን መቼ እንደሰማ።

ጸዳለ፦ ባለፈው እሑድ።
ቄሱ፦ ሰኞ።
እማማ ለተብርሃን፦ ማክሰኞ።
ሳራ፦ ከሁሉም ቀድማ። የትዕግሥት ባል የደወለው ለእሷ ነው፤ ያኔውኑ፣ ቅዳሜ።

ሰባት ቀን አንድ ማዕድ ላይ ቀርባ በላች።

ሰኞ

የሥራ አለቃዬ ደወለች። ደግ ሴት ናት። ለቀብር ፈቃድ እንደሚሰጠኝ ነገረችኝ።

«ቀብሩ መቼ ነው?»
«አልፏል።»
«መቼ ነው የሞተችው?»

ነገርኳት። «ግን ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነበርሽ» አለች።

ነበርኩ። አሮጊቶቹን አጥቤአለሁ። ሐሙስ ለአንደኛዋ ልደት እያጨበጨብኩ ዘፍኛለሁ። ይህን በኖርዌጅኛ እንዴት እንደማስረዳት አላውቅም። አሁን በአማርኛ ስጽፈውም ለራሴ አልገባ አለኝ።

ፊት ለፊት ያለው ጎረቤት በራችን ላይ አበባ አስቀምጦ ሄዷል። ካርዱ ላይ ምንም አልጻፈም። ስሟን ከየት ያውቀዋል።

ማክሰኞ

መሳቢያ ውስጥ ስፈልግ ያንን ደብዳቤ አገኘሁት። ስለ አገሪቱ ሕዝብ ኑሮ የሚያጠናው መሥሪያ ቤት የላከው ነው። ከነዋሪዎች መካከል በዕጣ ተመርጠሻል ይላል። ባለፈው ረቡዕ አንዲት ሴት ደውላ ግማሽ ሰዓት ጠየቀችኝ። ረቡዕ። ትዕግሥት ከሞተች በአራተኛው ቀን።

የጠየቀችኝ፦

ቤትሽ እርጥበት ወይም ሻጋታ አለው? የለውም።
የጎረቤት ጩኸት ያስቸግርሻል? አያስቸግረኝም።
በሁለት ቀን አንዴ ሥጋ ወይም ዓሣ መብላት ትችያለሽ? የዓመቱን ግማሽ እጾማለሁ አልኳት። ሳቀች። «ብትፈልጊ ግን ትችያለሽ?» ያ፣ አዎ፣ እችላለሁ።
ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል? ሁለት፣ እኔና ሳራ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው ብዬም ጨመርኩላት።
ከባድ ችግር ቢደርስብሽ የምትተማመኚባቸው ስንት ሰዎች አሉሽ? ሦስት። ስማቸውን አልጠየቀችኝም። በልቤ ግን ቆጠርኳቸው። ሳራ፣ ጸዳለ፣ እማማ ለተብርሃን።
ከዜሮ እስከ አሥር፣ በሕይወትሽ ምን ያህል ረክተሻል? ስምንት።

ስምንት ያልኩት ሰኞ ዕለት ከትዕግሥት ስልክ «ማዬ ደህና ነኝ፣ ኔትወርክ አስቸግሮኝ ነው» የሚል መልእክት ስለደረሰኝ ነው። የጻፈው ባሏ ነው። እንዲህ ጻፍ ያሉት እነ ጸዳለ ናቸው። ከአሥር የጎደሉት ሁለቱም የትዕግሥት ነበሩ፤ አጠገቤ ስላልነበረች ነው የቀነስኳቸው። ትቻት ስመጣ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ወረቀቴንና የሥራ ውሌን አሟልቼ እሷን ለማስመጣት እስካመለክት አሥራ ስምንት ሞላት። ከዚያ በኋላ እዚህ አገር ሕግ ፊት ልጅ አይደለችም ተባልኩ።

ሳራ ያን ረቡዕ ወጥ ቤት ቆማ ዕቃ ታጥብ ነበር። «ስምንት» ስል ቧንቧው እንደተከፈተ መታጠቢያ ቤት ገባች። ውኃው ለብቻው ሲፈስ ትዝ ይለኛል። ተናድጄ ዘጋሁት።

ዛሬ ጠየቅኋት።

«ሰምተሽኝ ነበር?»
«ያ።»
«ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው ስላት ሰምተሽኛል?»
«ማማ፣ እኔ ልነግርሽ ነበር። እነ እትዬ ጸዳለ በሥራ ቀን አይነገርም፣ ብቻዋን እያለች አይነገርም፣ ደም ግፊት አለባት አሉኝ። ይሄ የናንተ ባህል ነው፣ ኢከ ሳንት፣ አይደል እንዴ? እኔ ምን ላድርግ?»
«የእኛ ነው? አንቺ የማን ነሽ?»

ወጥታ ሄደች። እንዲህ ማለት አልነበረብኝም። ግን ብያለሁ።

ረቡዕ

ሳራ ጓደኛዋ ዘንድ አደረች። ጸዳለ ሾርባ ይዛ መጣች። አላናገርኳትም። ሾርባውን አስቀመጠችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እስከ መቼ ነው የምታኮርፊው?»
«ሰባት ቀን አሾፋችሁብኝ። አንድ ላይ አውቶቡስ ስንጠብቅ ሰውነትሽ ወፍሯል እያልኩሽ ስስቅ፣ አብረሽኝ ስቀሻል።»
«ስቄአለሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ደግሞ ከኋላሽ ተቀምጬ አለቀስኩ።»
«ማን ፈቀደልሽ?»
«አንቺ» አለች። «የአባቴን መርዶ ያመጣሽልኝ አንቺ ነሽ፣ አስኩ። ስንት ቀን ደብቀሽ ነው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። አሥራ አንድ ቀን። የልጇ የምርቃት ድግስ እስኪያልፍ ብዬ ነው። በድግሱ ላይ እጇን ይዤ አስጨፍሬአታለሁ። ከዚያም ሰዎች «እንዴት አድርገሽ ያዝሽው!» ሲሉኝ ደስ ብሎኛል። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም።

እማማ ለተብርሃን ቆይተው ገቡ። ብዙ አይናገሩም። «ጓለይ» አሉኝ፤ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «የኔን ልጅ መርዶ በስልክ ነው የነገሩኝ፤ ገበያ መሀል፣ ድንች ይዤ። ድንች እስከ ዛሬ አልበላም።»

ሾርባውን በላሁ። ድንች ነበረበት። እሳቸው አልቀመሱም።

ሐሙስ

ደብዳቤው ላይ ባለው ቁጥር ደወልኩ። መልሴ ልክ አይደለም፣ ይስተካከልልኝ አልኩ። አንዲት ሴት አነሣች፤ በድምፅዋ ወጣት ናት፤ ቸኩላ አላቋረጠችኝም። ሁሉንም ነገርኳት። ቃሉ ሲጠፋብኝ ጠበቀችኝ።

«በጣም አዝናለሁ» አለች። «የቱን መልስ ልቀይርልሽ?»
«ልጆቼን።»

ፈለገች። «እዚህ ያለው ቤትሽ የሚኖረው ሰው ቁጥር ነው። ሁለት ይላል። አሁንም ሁለት ናችሁ?»

ሁለት ነን። ለካ ምንም አልተቀየረም። በዚህ አገር ሰው ሲሞት ወዲያው ከመዝገብ ይወጣል። የኔ ትዕግሥት ግን መጀመሪያም አልተጻፈችም። ምኗን ይሰርዙታል? አገሩ ልክ እንደ ባለፈው ሳምንት ሙሉ ነው። ሻጋታ የለበትም። ሥጋና ዓሣ አለ።

«ስምንት የሚለውንስ?» አለችኝ።
«ስንት ልበል?»
«እኔ ልነግርሽ አልችልም። አላውቅም ማለት ይቻላል።»
«አላውቅም በይልኝ።»

የቀረው ሦስተኛው መልስ ነው። የምትተማመኚባቸው ሰዎች። ስደውል ዜሮ ልል ነበር የተዘጋጀሁት። ማክሰኞ ወረቀት ላይ በኖርዌጅኛ ጽፌ ስለማመደው ነበር። የዚያን ጊዜ የውጭው በር ተከፈተ። ሳራ ናት። ካፖርቷን ሳታወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ከማን ጋር እንደማወራ ወዲያው ገባት። ዐይኗ አብጧል። እኅቷን በሕይወቷ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ያየቻት። በየሳምንቱ ግን በስልክ ትዕግሥት አማርኛ ታስተምራት ነበር፤ ስትሳሳት እየሳቀችባት። ቅዳሜ የሰማች ጊዜ ማን አቀፋት? ማንም። እኔ አላወቅሁም ነበራ።

«ሦስት ይላል» አለችኝ ሴትዮዋ። «ይቀየር?»

«ኔይ» አልኩ። «ሦስት ይሁን።»

ከመዝጋቷ በፊት የምትጨምሪው አለ ወይ አለችኝ። የልጄን ስም ጻፊልኝ አልኳት። ድምፅዋ ዝቅ አለ። ስም አይጻፍም፣ የኔም ስም ቢሆን በኋላ ይወጣል፣ የሚቀረው ቁጥር ብቻ ነው አለችኝ። ይህ ለእናንተ ጥበቃ ነው አለች። አመሰገንኳት።

ሳራን አቀፍኳት። አሁንም ተናድጄባታለሁ።

ዓርብ

ቄሱ ደወሉ። አርባው የሚቆጠረው ካረፈችበት ቀን ነው፣ ከሰማሽበት አይደለም አሉኝ። ስለዚህ የእኔ አርባ በሰባት ቀን ይጎድላል። ሰባቱን ቀን ስስቅ ነው ያሳለፍኳቸው፤ ማንም አይመልስልኝም። ተከራከርኳቸው። «እሷ ጸሎቱን የምትጠብቀው ካረፈች ጀምሮ ነው» አሉኝ። የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ።

ሳራ ደብተሩን አይታ ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ፊደሉን አንድ በአንድ እየቆጠረች አነበበች። «ማማ፣ ስሟና ማንነቷ ያለው መጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ሰው እዚያ ጋ ባይጀምርስ? መጨረሻውም ላይ ጻፊው» አለች። እውነቷን ነው።

ስሟ ትዕግሥት ነው። የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ። የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ መምህር ነበረች። በዚህ አገር መዝገብ የለችም። ይህ ደብተር እጁ የገባ፣ ኦርቶዶክስም ሁኑ ሌላ፣ የምታውቁትን ጸሎት በምታውቁት ቋንቋ አድርሱላት። በስሟ ጥሩልኝ። ሰባቱን ቀን እኔ አልጸለይኩላትም። ደህና ናት ብዬ ነበር። እባካችሁ እነዚያን ቀኖች እናንተ ሙሉልኝ።