አርባ ደቂቃ የቆየው የሕፃናት ማቆያ

ሰኞ፣ ማርች 6
አዲሱን ሥራ ጀመርኩ። የልጆች ጥርስ ሳሙና ፋብሪካ፣ ጥራት ቁጥጥር ክፍል። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበትን የወተት ፋብሪካ የለቀቅኩት ለአንዲት መስመር ብዬ ነው። ውሉ ላይ "ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ልጆች የሕፃናት ማቆያ አለው" ይላል። ልጄ ሶዳም አራት ዓመቷ ነው። እናቴ ወገቧን እያመማት ነው የምትይዝልኝ።

ማቆያው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ የምትስቅ ዳክዬ ተስላለች። ተቆልፏል።

"ቀለሙ እስኪደርቅ ነው" አሉኝ ሥራ አስኪያጁ አቶ ባን።

ሐሙስ፣ ማርች 9
ዳክዬዋን በጣቴ ነካ አደረግኳት። ደርቃለች።

ረቡዕ፣ ማርች 15
ምሳ ከእትዬ ቦክሱን ጋር በላሁ። ማሸጊያ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። ስለ ማቆያው ጠየቅኳቸው። የኪምቺ ጎመን ሾርባቸውን ሳይጨርሱ ቀና አላሉም።

"እኔ ስቀጠርም ቀለሙ እየደረቀ ነበር" አሉ። "ያኔ የተሳለችው ጥንቸል ነበረች።"

"ልጅዎትስ?"

"ወታደር ቤት ገባ።"

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ... እሳቸው አልሳቁም።

ማክሰኞ፣ ማርች 21
አቶ ባን ቢሮ ገባሁ። ከራሳቸው በላይ "ልጅ ይቀድማል" የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተሰቅሏል።

"እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን" አሉኝ። "ቤተሰብ ደግሞ ውል እያወጣ አይነጋገርም።"

ቤተሰብ ከሆንን ጠዋት ጠዋት ሶዳምን ለምን እርስዎ አያጫውቱልኝም? አልኩ... በልቤ። ከአፌ የወጣው "አመሰግናለሁ" ነው። ምኑን ነው ያመሰገንኩት?

ረቡዕ፣ ማርች 29
እናቴ ሶዳምን ከመታጠቢያ ገንዳ ስታወጣ ወገቧ ያዛት። ቀና ማለት አቃታት። ሐኪሙ ሁለት ወር ምንም ዕቃ እንዳታነሳ አዘዘ።

"ልጅ ዕቃ ነው እንዴ?" አለችው።

ሶዳም ጎረቤት እየዋለች ነው። እስከ መቼ? ወተት ፋብሪካው ደወልኩ። በቦታዬ ሰው ቀጥረዋል።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 4
በሩ ተከፈተ። አቶ ባን ራሳቸው ናቸው የጠሩኝ።

"ልጅሽን አምጫት። ጥሩ ልብስ አልብሻት።"

እየሮጥኩ ሄጄ አመጣኋት። ምንጣፍ፣ ኳስ፣ ትንሽዬ የእንጨት ቤት... ሁሉም ላይ የሱቅ የዋጋ ወረቀት እንደተለጠፈ ነው። ከመጽሔት የመጣ ሰው ፎቶ አነሳ። አቶ ባን ሶዳምን አቀፏት። አርባ ደቂቃ ተጫወተች። ከዚያ ከሱቁ ሁለት ሰዎች መጥተው የእንጨቱን ቤት አነሡት። ሶዳም ውስጡ ነበረች። ጎትቼ አወጣኋት።

"ነገም እንመጣለን?" አለችኝ አውቶቡስ ላይ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 12
መጽሔቱ ወጣ። ሶዳም በሙሉ ገጽ፣ እየሳቀች። ከሥሩ "በዚህ ማቆያ ልጆች ላለፉት ሦስት ዓመታት በደስታ ውለዋል" ይላል። ልጄ ሦስት ዓመት የዋለችበትን ቦታ እኔ ነኝ የማላውቀው?

ዓርብ፣ ኤፕሪል 14
ውሉንና መጽሔቱን ይዤ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። ያነጋገረችኝ ተቆጣጣሪ ጉንፋን የያዛት ወጣት ናት። እየተናፈጠች ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ክፍሉ አለ ወይስ የለም?"

"አርባ ደቂቃ ነበረ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ያልኩትን እንዳለ ጻፈችው። ስቀጠር የተገባልኝ ቃል ካልተፈጸመ ካሳ መጠየቅ፣ ከፈለግኩም ወዲያው መልቀቅ እችላለሁ አለችኝ። ይህን እስከ ዛሬ እንዴት አላወቅኩም?

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 27
ተቆጣጣሪዋ ፋብሪካው ድረስ መጣች። ሠራተኞቹን ሁሉ አንድ ላይ ሰበሰበችን።

"የልጆቹን ስም ዝርዝር ያሳዩኝ" አለች።

"ዝርዝሩ... እየተዘጋጀ ነው" አሉ አቶ ባን። "ፎቶው ራእያችንን የሚያሳይ ነው።"

"ራእይዎ ሦስት ዓመት ሞላው ይላል እዚህ።"

ሌላ ምስክር አለ ወይ ብላ ወደ እኛ ዞረች። ሁሉም ጫማውን ያያል። እትዬ ቦክሱን ተነሡ። ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር ነው የቀራቸው።

"እኔ ከጥንቸሏ ጀምሮ ልንገርሽ" አሏት።

ዓርብ፣ ሜይ 19
ድርጅቱ ከፋብሪካው ጀርባ ካለው የልጆች መዋያ ጋር ተዋዋለ። ሶዳምና ሌሎች ስድስት ልጆች ባለፈው ሰኞ ገቡ። አቶ ባን በስብሰባ ላይ "የዘመናት ሕልሜ" ብለው ንግግር አደረጉ። እኔ ስገባ ሰላምታ ትተዋል። ካሳዬንም ገና አልሰጡኝም፤ ተቆጣጣሪዋ ቀን ቆርጣባቸዋለች።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ከማሸጊያ ክፍል ሦስት ሴቶች ውላቸውን ይዘው መጡ። "እስቲ አንብቢልን፤ የዓመት ፈቃድ ይላል?" አሉኝ። አንዳቸውም ፈቃድ ወስደው አያውቁም። ሰኞ አራታችን አብረን እንጠይቃለን።

ከሥራ ወጥቼ ሶዳምን ልወስድ ሄድኩ። በኩባያ አሸዋ እየሞላች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ተመልሳ አጎነበሰች።

"ቶሎ መጣሽ" አለችኝ። "ሂጂ ትንሽ ሥሪ።"

በር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት።