በእንግዶች መጸዳጃ ቤት በር ላይ ስለታሰረው ቅጠል

ለተከበሩ ባፓ ራጃ ማርተን፤
የሃቱላኒ መንደር አስተዳዳሪ፣ የመርከብ እንግዶች አቀባበል ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የጭፈራ ጓዱ የበላይ ጠባቂ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲገኙ፣ በተለይም ሆድዎን ምንም ዓይነት እብጠት እንዳያገኘው ከልብ እመኛለሁ። ሆድዎን ለይቼ ያነሣሁበት ምክንያት ወደ በኋላ ይገለጥልዎታል።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በታላቅ ጸጸትና አንገቴን ደፍቼ አንድ በደል እንድናዘዝ ይፈቀድልኝ። ለመርከብ እንግዶች ብቻ በተሠራው፣ የመንደሩ ሰው በአጠገቡ እንኳ እንዳያስነጥስ በታዘዘበት ነጭ መጸዳጃ ቤት ተጠቅሜያለሁ። ይባስ ብሎ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እዚያው፣ ክዳኑ ላይ ተቀምጬ ነው። ቁልፉ ከባለቤትዎ አንገት ስለማይወርድ የገባሁት በኋላ መስኮት ነው። እጅግ ምቹ ነው፤ ከትምህርት ቤታችን ወንበር በብዙ ይሻላል። ስሜን ግን ለጊዜው ይተዉት።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፦ ባሕሩን ስላሰሩልን አመሰግናለሁ። እርስዎና ፓስተሩ በቤተ ክርስቲያን ጸልያችሁ፣ የኮኮናት ለጋ ቅጠል ዳርቻው ላይ አስራችሁ ሳሲ ካወጃችሁ ወዲህ፣ ዛጎሉና ዓሣው አድጎ መንደሩ በአንድ ቀን በጋራ እስኪወርድበት ድረስ ከመካከላችን ማንም ኮራሉ ላይ መንጠቆ እንዳይጥል ተከልክሏል። የምንበላው የሳጎ ገንፎ በጨው ነው። በበዓል ቀን ደግሞ ለለውጥ ያህል ሳጎ በጨውና በሎሚ። ታናሽ ወንድሜ ዓሣ የሚባለውን ነገር ከመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ሊያውቀው ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ ፍትሕዎ አመሰግናለሁ። ጎረቤታችን አክስት ኮስታንሳ ባል የሌላት ሴት ናት። ልጇ በትኩሳት ሲቃጠልባት ከታሰረው ባሕር አንዲት ኦክቶፐስ አወጣች። እርስዎም ኦክቶፐሷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ቆርቆሮ እየመታች፣ «ባሕሩን የሰረቅሁት እኔ ነኝ» እያለች መንደሩን እንድትዞር ፈረዱ። ያን ቀን በድምፅ ማጉያ፣ «ሳሲ ለማንም አያዳላም፣ ለእኔም ቢሆን!» ሲሉ የሰማነው ሁሉ ልባችን ተነክቷል። አክስት ኮስታንሳም ተነክታለች፤ ከዚያ ወዲህ እሑድ የምትቀመጠው ከኋላ ነው።

ሦስተኛ፦ ስለ መርከቧ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ስለሚበዛ በተራ ቁጥር መቀጠል አልችልም።

ደሴቶችን የምትዞረው ያቺ ነጭ መርከብ መጥታ መልህቋን እዚያው፣ በታሰረው ኮራል ላይ ጣለች። ሰንሰለቱ ሲወርድ ድምፁ ክፍላችን ድረስ ገባ፤ መምህራችንም መጻፍ አቁመው ጠመኔያቸውን እንደያዙ ቀሩ። በማግስቱ የተሰባበረው ኮራል እንደ አጥንት ነጭ ሆኖ ዳርቻው ላይ ተበትኖ አገኘነው። እንግዶቹ የላስቲክ ክንፍ በእግራቸው አጥልቀው በቀረው ላይ ቆሙበት። ከዚያ በበረዶ ሳጥን ያመጡትን የሌላ አገር ዓሣ በእኛ ዳርቻ ጠበሱ። እኛ አበባ በታኞቹ ሴት ልጆች በጢሱ መካከል ቆመን ምራቃችንን ስንውጥ፣ እርስዎ ከኋላችን «ጥርስ! ጥርስ አሳዩ እንጂ! ለእንግዳ የሳጎ ፊት አይቀርብም!» ይሉን ነበር። ጥርሳችንን አሳየን። ሌላ የሚሠራው ሥራ አልነበረውም።

ያን ዕለት አያቴ ታንኳቸውን ቀዝፈው ወጡ። (አያቴ ማለቴ፣ የመንደሩ ሁሉ አያት የሆኑትን የባሕር ጠባቂውን ቴቴ ዶሚንጉስን ነው። በብዕር ስለጻፍኩት መሰረዝ አልቻልኩም።) ለጋውን ቅጠል ከፍ አድርገው ይዘው በእንግዶቹ ጀልባዎች ፊት ብቻቸውን ቆሙ። እርስዎም በዚያው በድምፅ ማጉያ፣ «ቴቴ፣ ዞር ይበሉ! ፎቶ እያበላሹ ነው!» አሉ። እንግዶቹ የዝግጅቱ አካል መስሏቸው አጨበጨቡላቸው። ቴቴ ተመለሱ፤ ያን ማታ እራታቸውን አልነኩም። በሳምንቱ «ጃጅተዋል፣ ዘመኑን አልተረዱም» ብለው ከጠባቂነት አነሷቸው። ከአባታቸው የወረሱትን የዛጎል መለከትም ከአንገታቸው አውልቀው ለከበሮ መቺው ለዮፒ ሰጡት። ባሕር ሲታሰርና ሲፈታ ብቻ ይነፋ የነበረው መለከት ዛሬ ጭፈራ ጀምሩ ለማለት ይነፋል። ዮፒም ቢሆን ሲነፋው የታመመ ፍየል ነው የሚያስመስለው።

ስብሰባው ላይ አንድ ሰው ደፍሮ፣ ኮስታንሳ ከተቀጣች መርከቧስ ብሎ ቢጠይቅዎ የሰጡት መልስ በወርቅ መጻፍ ነበረበት፤ «ሳሲ የጣሰ ሰው ሆዱ ያብጣል። መልህቁን የጣለው ካፒቴኑ ነው። የሚያብጠው የካፒቴኑ ሆድ ነው፤ እኛን ምን አገባን?»

እኔም ይህን ጥበብ ቀስሜ፣ መርከቧ ዛሬ ጠዋት እንደገና ብቅ ስትል አንድ ለጋ ቅጠል ቆርጬ በዚህ መጸዳጃ ቤት በር ላይ አሰርኩ። በሕጋችን የታሰረን የሚፈታው የባሕር ጠባቂው ብቻ ነው። ጠባቂው ደግሞ በክቡርነትዎ ውሳኔ የለም። ሌላ ሰው ቢፈታው ያ እጅ የካፒቴኑ እንደማይሆን፣ የሚያብጠውም ሆድ የካፒቴኑ እንደማይሆን፣ እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ።

ለሰጡን ምሳሌነት ባለውለታዎ፣ ለፎቶ ስትፈለግ ፈገግ የምትል፣ ስሟን የማትናገር፣ ታዛዥና ትሑት ልጅዎ።

ማስታወሻ፦ በመስኮት ልወጣ ስል ከበሩ ውጭ የራስዎን ድምፅ ስለሰማሁ ጥቂት መጨመር ተገድጃለሁ።

«ዮፒ፣ ምን ትገተራለህ? ፍታው!»

«እኔ? ሚስቴ እኮ አራስ ናት ባፓ። እርስዎ ይፍቱት።»

«እኔ ደም ግፊት አለብኝ! በሉ ቴቴን ጥሩልኝ፣ ሩጡ!»

ከትንሽ ቆይታ በኋላ የማውቀው ሳል መጣ።

«ቴቴ፣ በእግዚአብሔር! ጀልባዎቹ ደርሰዋል። አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ከአሁኑ ሆዷን ይዛለች።»

«እኔማ ጃጅቻለሁ። ዘመኑን የተረዳ ሰው ይፍታው።»

«ምን ይሁንልዎ? ይናገሩ!»

«መለከቴን። መርከቧም ከአሁን በኋላ አሸዋው በኩል ትቁም።»

«ይሁን፣ ለዛሬ።»

«ለዛሬ አላልኩም።»

ከውጭ የጀልባ ሞተር ይሰማል።

«እሺ! እሺ አልኩ!»

«እኔ ሰምቻለሁ!» ያለችው አክስት ኮስታንሳ ናት። «ቆርቆሮዬን ላምጣና መንደሩን ዞሬ ላሰማ እንዴ ባፓ?»

ሰው ሳቀ። እርስዎ አልሳቁም። አሁን የቴቴ እጅ በሩ ላይ ነው፤ ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ቆመ። ለምን ቆመ?

«ይሄ ቋጠሮ በግራ እጅ የታሰረ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «በዚህ መንደር ቋጠሮ ካስተማርኳቸው ግራኟ አንዲት ልጅ ብቻ ናት።»

በሩ ተንኳኳ።

«ዌልሚንሴ!»